በስልክና በኮምፒውተር የተደበቀ ሰላይ ሶፍትዌርን እንዴት መለየትና ማስወገድ ይቻላል?

ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ እየተሰለለ እንደሆነ የጠረጠረ ሰው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ሰላዩን ፈልጎ የሚያገኝ መተግበሪያ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ከዚህ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ እርሱም መልእክቴን ማንበብ ወይም ያለሁበትን ቦታ ማወቅ የሚፈልገው ማን ነው፣ ወደ መሣሪያዬስ በምን መንገድ ሊገባ ይችል ነበር የሚለው ነው። ፍለጋው ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የትዳር አጋር፣ ዘመድ ወይም አሠሪ ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ ይዞት ከነበረ የሚፈለገው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ የባንክ ሒሳብ ለመዝረፍ የሚሠራ ሌባ በሊንክ የላከው ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ ጋዜጠኛን ወይም የፖለቲካ ሰውን የሚከታተል መንግሥታዊ አካል ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ከሁለቱም ይለያል።

የእስራኤሉ ኤንኤስኦ ኩባንያ ስለሠራው፣ መንግሥታት ስለሚጠቀሙበት ፔጋሰስ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር ብዙ ስለተነገረ የሰው ሁሉ ሥጋት ወደ ሦስተኛው ዓይነት ያደላል። አብዛኛውን ሰው የሚያጋጥመው ግን ስልኩን በእጁ የያዘ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው የሚፈጽመው ስለላ ነው። በዚህ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ስልኩ ላይ የተጫነ ሰላይ ሶፍትዌር ጨርሶ የለም፤ ያለው በሌላ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የቀረ የቴሌግራም፣ የዋትስአፕ ወይም የጂሜይል አካውንት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአካውንቶች ይጀምርና ወደ ስልክ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል።

ስለ ምልክቶች አስቀድሞ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የስልክ መጋል፣ የባትሪ ቶሎ ማለቅና የዳታ ፍጆታ መጨመር በየቦታው የስለላ ምልክት ተደርገው ይቀርባሉ። ነገር ግን ያረጀ ባትሪም ቶሎ ያልቃል፤ ደካማ ኔትወርክ ባለበት አካባቢ ያለ ስልክም ሲግናል ሲፈልግ ይግላል፤ ቪዲዮዎችን በራሱ የሚያወርድ ቴሌግራምም ዳታ ይጨርሳል። በደንብ የተሠራ ሰላይ ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም ላያሳይ ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ምልክት የሰዎች ሁኔታ ነው፤ ለማንም ያልነገሩትን ጉዳይ ወይም የሄዱበትን ቦታ አንድ ሰው ደጋግሞ የሚያውቅ ከሆነ ያ ከባትሪ መጋል ይልቅ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል።

ከመንካትዎ በፊት

ሰላዩ የሚያውቁት ሰው ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ በተለይም ያ ሰው ቁጡ ወይም አስፈራሪ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩን ባገኙበት ቅጽበት አይሰርዙት። መረጃ በድንገት ሲቋረጥበት እንደተደረሰበት ያውቃል፤ ይህም አደጋ ሊያስከትል ይችላል። እርዳታ መጠየቅ፣ ስለ ጉዳዩ ማንበብም ሆነ ከዘመድ ጋር መማከር ያለብዎት ከተጠረጠረው ስልክ ሳይሆን ከሌላ ሰው ስልክ ነው። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ስልኩ የሚያየውን ሁሉ ሰላዩም ሊያይ ይችላልና።

ሁለተኛው ምክንያት ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንና ግንኙነትን መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል። ነገር ግን ከተሰረዘ በኋላ ለፖሊስ የሚቀርብ ነገር አይኖርም። የመተግበሪያውን ስም፣ የተሰጡትን ፈቃዶችና የተጫነበትን ቀን የሚያሳየውን ገጽ በሌላ ስልክ ካሜራ ፎቶ ያንሱት፤ ስክሪንሾት ካነሡ ምስሉ ሰላዩ በሚያየው በዚያው ስልክ ላይ ይቀመጣል።

አካውንቶች

በቴሌግራም «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ። አካውንትዎ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ከነአገራቸውና መጨረሻ ከተጠቀሙበት ሰዓት ጋር ይዘረዘራሉ። የማያውቁት ካለ ፎቶ አንሥተው «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ይጫኑ። ይህን ሳይዘገዩ ማድረግ ይጠቅማል፤ ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ሌሎችን እንዳያስወጣ ለ24 ሰዓት ስለሚከለክል፣ ቀድሞ የነበረው የእርስዎ ስልክ በእነዚህ ሰዓታት የበላይነት አለው። ከዚያ በ«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩና ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት የይለፍ ቃል ያስገቡ። «የውድድር ድምፅ ስጪኝ» ወይም «በስህተት የተላከልሽን ቁጥር ላኪልኝ» እያለ ኮድ የሚጠይቅ መልእክት፣ ከእህት አካውንት ቢመጣም እንኳ፣ የሚፈልገው ይህንኑ መግቢያ ኮድ ነው።

በዋትስአፕ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለው ገጽ ተመሳሳይ ዝርዝር ያሳያል። ስልኩን ለአንድ ደቂቃ ያገኘ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ስካን አድርጎ ስልኩን መመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ ያነባል። ይህ ምንም የቴክኒክ ችሎታ ስለማይጠይቅ ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት ገጽ ነው።

የጉግል አካውንትዎን ሲከፍቱ «ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር የገቡ መሣሪያዎችን፣ የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩንና ኢሜይሉን ይመልከቱ፤ የመልሶ ማግኛው ቁጥር የሌላ ሰው ከሆነ የይለፍ ቃል መቀየሩ ብቻውን አይበቃም። በኮምፒውተር ወደ ጂሜይል ሴቲንግ ገብተው «ፎርዋርዲንግ» እና «ፊልተርስ» የሚሉትን ያረጋግጡ፤ የሚደርስዎት ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲሄድ ተደርጎ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በጉግል ማፕ «ሎኬሽን ሼሪንግ» ውስጥም ያሉበትን ቦታ የሚያይ ሰው መኖር አለመኖሩን ይዩ።

በዓረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት ላሉ እህቶቻችን ደግሞ አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለ። ስልኩን የሰጠው አሠሪ ወይም ደላላ ከሆነ፣ ስልኩ ላይ የተከፈተው የጉግል አካውንት የማን እንደሆነ ማየት ይገባል። አካውንቱ የአሠሪው ከሆነ ፎቶዎች፣ የስልክ ቁጥሮችና ስልኩ ያለበት ቦታ ምንም ሰላይ ሶፍትዌር ሳይጫን ለእርሱ ሊደርሱ ይችላሉ። አካውንቱን ማስወጣት የማያዋጣ ከሆነ ስለ ደመወዝ፣ ስለ በደል ወይም ስለ መመለስ የሚደረግ ንግግር በሌላ ሰው ስልክ ቢሆን ይሻላል።

አንድሮይድ ስልክ

የአንድሮይድ ሰላይ መተግበሪያዎች ምልክታቸውን ከስክሪን ላይ ይደብቃሉ፤ በመተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገኛሉ። ስማቸው እንዳይጠረጠር «ሲስተም ሰርቪስ»፣ «ሲንክ ሰርቪስ» ወይም ይህን የመሰለ የማይታወስ ስም ይሰጣቸዋል። ችግሩ እውነተኛ የሲስተም ክፍሎችም እንዲህ ያለ ስም ስላላቸው ስምን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ስለዚህ ከስም ይልቅ ፈቃድን መከተል ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ሰላይ መተግበሪያ ያለ ፈቃድ ብዙም ሊሠራ አይችልምና።

በመጀመሪያ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው የመገለጫ ፎቶዎን በመጫን «ፕሌይ ፕሮቴክት» የሚለውን ይዩ። ጠፍቶ ካገኙትና እርስዎ ካላጠፉት ይህ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ሰላይ መተግበሪያ የሚሸጡ ድርጅቶች ለገዢው ከሚሰጡት የአጫጫን መመሪያ አንዱ ይህን መከላከያ ማጥፋት ነው። መልሰው ያብሩትና ያስፈትሹ።

ቀጥሎ በሴቲንግ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ይክፈቱ። ይህ ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች ተብሎ የተሠራ አገልግሎት ስክሪን ላይ ያለውን ማንበብና በተጠቃሚው ፈንታ መጫን ይችላል፤ ለዚህም ነው ሰላዮችና የባንክ ሌቦች አጥብቀው የሚፈልጉት። በተጫኑ መተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የበራና እርስዎ የማያውቁት ካለ ፍለጋዎ ፍሬ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የተጫነ መተግበሪያ ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኝ ተደርጓል፤ ስለዚህ «አላው ሪስትሪክትድ ሴቲንግስ» የሚለውን እንዲጫኑ የሚጠይቅዎ ሰው ወይም መተግበሪያ መከላከያውን በእጅዎ እንዲያፈርሱ እየጠየቀ ነው።

ከዚያ «ዲቫይስ አድሚን አፕስ» የሚለውን በሴቲንግ መፈለጊያ ሳጥን ጽፈው ያግኙት። እዚያ የተቀመጠ መተግበሪያ በተለመደው መንገድ አይሰረዝም፤ አስቀድሞ ሥልጣኑ ሊነሣ ይገባል። «ኖቲፊኬሽን አክሰስ» የገቢ መልእክቶችን ማስታወቂያ የሚያነቡትን፣ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» ደግሞ ከስቶር ውጭ መጫን የተፈቀደላቸውን ያሳያል። ቴሌግራም ወይም ብራውዘር በዚህኛው ዝርዝር ላይ በርቶ ከተገኘ ያጥፉት። ፊልም፣ የጨዋታ ፋይል ወይም «ጂቢ ዋትስአፕ»ን የመሰለ የተሻሻለ ቅጂ በቴሌግራም ቻናል ተቀብሎ መጫን በእኛ ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ከሠሪው ሌላ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ ግን የለም። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ» ባለፉት 24 ሰዓታት ካሜራ፣ ማይክሮፎንና ቦታን የተጠቀሙትን ከነሰዓታቸው ይነግርዎታል፤ እርስዎ ተኝተው ሳሉ ማይክሮፎን የከፈተ መተግበሪያ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

አይፎን

በአይፎን ላይ ከአፕ ስቶር ውጭ መተግበሪያ መጫን አስቸጋሪ ስለሆነ የቤተሰብ ሰላይ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን ሳይሆን የአፕል አይዲውን (አሁን አፕል አካውንት የሚባለውን) ነው የሚይዘው። ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ያወቀ፣ ስልኩ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድም ያየ ሰው በአይክላውድ የተቀመጠውን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ከሌላ ቦታ ሊያወርድ ይችላል። በሴቲንግ አናት ያለውን ስምዎን ተጭነው ከታች የተዘረዘሩትን መሣሪያዎች ይዩ፤ የእርስዎ ያልሆነውን ያስወጡ፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። አገልግሎት ላይ የዋለ ስልክ ገዝተው ሻጩ «እኔ ከፍቼልሃለሁ» ብሎ አይዲ ከሰጠዎት ስልኩ የእርስዎ አይደለም፤ የራስዎን አይዲ ሳይከፍቱ ምንም የግል ነገር አያስገቡበት።

«ጄኔራል» ሥር «ቪፒኤን ኤንድ ዲቫይስ ማኔጅመንት» በሚለው ውስጥ መሥሪያ ቤትዎ ያላስገባው ፕሮፋይል (ስልኩን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ቅንብር) ካለ ያጥፉት። ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ «ሴፍቲ ቼክ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ ማን ምን እንደሚያይ በአንድ ቦታ ያሳያል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቁረጥም ያስችላል። በስክሪኑ አናት ላይ የሚበራው ብርቱካናማ ነጥብ ማይክሮፎን፣ አረንጓዴው ደግሞ ካሜራ መከፈቱን ይጠቁማል።

ስለ *#21# ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ይህ ኮድ የሚነግርዎት ጥሪዎ ወደ ሌላ ቁጥር የሚዞር መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ሰላይ ሶፍትዌርን አያሳይም። ጥሪ ዞሮ ከተገኘ ##002# ደውለው ሁሉንም ማዞሪያ መሰረዝ ይችላሉ።

ኮምፒውተር፣ ከኢትዮጵያውያን ታሪክ ጋር

የኮምፒውተር ስለላ እንዴት እንደሚገባ ለመረዳት በኢትዮጵያውያን ላይ ከደረሰው የተሻለ ትምህርት አላውቅም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ ጋማ የተባለው ኩባንያ የሠራው ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ማጥመጃ ይዞ መሰራጨቱን አሳየ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት ሰነድ ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ብቻ የታወቀ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተር ላይም ይኸው ሶፍትዌር ተገኘ፤ የገባውም ከሌላ ሰው በተላለፈለት ኢሜይል ውስጥ በነበረ የዎርድ ሰነድ ነበር። የስካይፕ ጥሪዎቹን ጭምር ይቀዳ እንደነበር በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ባቀረበው ክስ ተገልጿል። ሶፍትዌሩ ጥናቱ ከወጣ ጥቂት ቀናት በኋላ ራሱን ለማጥፋት ቢሞክርም ያልጠፋ ዱካ በመቅረቱ ነው ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የውጭ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ መክሰስ አይቻልም በሚል ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ዱካው ግን ምን እንደተፈጸመ ለዓለም አስረድቷል። ቶሎ ፎርማት አድርጎ መገላገል ለምን ጥሩ ምክር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በውጭ የሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ የደረሳቸው ፋይል የጽሑፍ ሰነድ መስሎ የቀረበ ነበር፤ በውስጡ ግን የሚላኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ ሰላይ ፕሮግራም ነበረ። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ ፕሮግራም ሰነድ መስሎ ይታያል፤ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው» ውስጥ ገብተው «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብሩ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዳይሬክተር የነበረውን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ የሚኖሩ ሰዎች ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ አፕዴት እንዲያደርጉ የሚጠይቅ ሊንክ ተላከላቸው፤ አፕዴት የተባለው ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ሰላይ ሶፍትዌር ነበር። አዶቢ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስላቆመው ዛሬ ፍላሽ አድሱ የሚል ገጽ ሁሉ ያለ ጥርጥር ሐሰት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ለመፈተሽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ በመጫን ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና «ስታርትአፕ» የሚለውን ይዩ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡት እዚህ ይዘረዘራሉ። ጠለቅ ያለ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው የማይክሮሶፍትን ኦቶራንስ በነፃ አውርዶ የማይታወቅ ሠሪ ያላቸውን ፕሮግራሞች ማጣራት ይችላል። ከዚያ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ያስጀምሩ፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሥቶ ዊንዶውስ ሳይከፈት ስለሚፈትሽ የተደበቀ ሶፍትዌር ማምለጫው ይጠብበታል። በብራውዘር ላይ የሚጨመሩትን ትናንሽ ፕሮግራሞች (ኤክስቴንሽኖች) መፈተሽም አይዝለሉ፤ የሚጎበኟቸውን ገጾች ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ያለው አንድ ኤክስቴንሽን ለስለላ ይበቃል። በማክ ኮምፒውተር ደግሞ «ሎግኢን አይተምስ»ን፣ በ«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥም «ስክሪን ሪከርዲንግ» እና «ኢንፑት ሞኒተሪንግ» የተፈቀደላቸውን ይመልከቱ።

ዊንዶውስን ሳይገዙ አክቲቬተር በሚባል ሕገ ወጥ ፕሮግራም ማስከፈት በየኮምፒውተር ጥገና ቤቱ የተለመደ ነው። አክቲቬተሩ እንዲሠራ ጸረ ቫይረሱ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን የሚያይ አይኖርም። ለቢሮ ሥራ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃ ሥርዓት ኡቡንቱ ከዚህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

መንግሥታዊ ስለላ ከተጠረጠረ

እ.ኤ.አ. በ2019 በዋትስአፕ በኩል 1,400 ያህል ሰዎች በፔጋሰስ ዒላማ ሲደረጉ ጥሪውን ማንሣት እንኳ አላስፈለገም ነበር። እንዲህ ያለውን እስካሁን በተዘረዘሩት ገጾች ማግኘት አይቻልም። የሚቻለው መከላከያውን ማጥበቅና ባለሙያ ማግኘት ነው። ስልኩን ያዘምኑ፤ በአይፎን «ሎክዳውን ሞድ»ን፣ በአንድሮይድ 16 ደግሞ «አድቫንስድ ፕሮቴክሽን»ን ያብሩ፤ ስልኩንም በየዕለቱ አጥፍተው ያብሩ፤ ከእነዚህ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ስልክ ሲጠፋ ይወገዳሉና፣ ምንም እንኳ ተመልሰው ሊገቡ ቢችሉ። አፕል በመንግሥት ደረጃ የተሰነዘረ ጥቃት ሲያገኝ ለተጠቂው ማስታወቂያ ይልካል፤ እውነተኛው ማስታወቂያ ሊንክ እንዲጫኑ ወይም የይለፍ ቃል እንዲሰጡ ፈጽሞ አይጠይቅም፤ ወደ አፕል አካውንት ገጽ ራስዎ ሲገቡም በገጹ አናት ላይ ይታያል። ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበረሰብ ሠራተኞች የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት የሆነውን የአክሰስ ናውን የዲጂታል ደኅንነት እርዳታ መስመር በነፃ ማግኘት ይችላሉ፤ የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሴኩሪቲ ላብም እንዲህ ያሉ ስልኮችን ይመረምራል።

ማስወገድ

ማስረጃው ከተያዘና ደኅንነትዎ ከታሰበበት በኋላ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ የኢሜይል የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፤ የሌሎች አካውንቶች መመለሻ ኢሜይሉ ነውና። የይለፍ ቃሉን በተጠረጠረው ስልክ ላይ ከቀየሩት አዲሱንም ለሰላዩ እንደሰጡት ይቁጠሩ። ቀጥሎ የባንክ፣ የቴሌብር፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ይከተላሉ። በአንድሮይድ የአድሚን ሥልጣኑን ያንሡና መተግበሪያውን ያጥፉት፤ እምቢ ካለ ስልኩን ኋላ የተጫኑ መተግበሪያዎች በማይሠሩበት በ«ሴፍ ሞድ» አስነሥተው ይሞክሩ።

የበለጠ እምነት የሚሰጠው ግን ስልኩን ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚያደርገው ፋብሪካ ሪሴት ነው። ፎቶዎችንና ስልክ ቁጥሮችን ብቻ ያስቀምጡ፤ የመተግበሪያዎችን ባክአፕ መልሰው አያስገቡ፤ እያንዳንዱን መተግበሪያ ከስቶሩ እንደ አዲስ ያውርዱ። ኮምፒውተር ከሆነ ሰነዶቹን ቀድተው ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት ገጽ በወረደ ፋይል እንደገና ይጫኑ። አዲሱ የስክሪን ቁልፍ የልደት ቀን ወይም ቤተሰብ የሚገምተው ቁጥር አይሁን፤ በስልኩ የተመዘገበ የሌላ ሰው የጣት አሻራ ወይም ፊት ካለም ያጥፉት።

ከአንድ ሳምንት በኋላ የቴሌግራምን፣ የዋትስአፕንና የጉግልን የመሣሪያ ዝርዝሮች ደግመው ይክፈቱ። የማያውቁት መሣሪያ ተመልሶ ከገባ ሪሴት በተደረገው ስልክ ላይ ሌላ ሶፍትዌር ከመፈለግዎ በፊት የስክሪን ቁልፉን፣ የሲም ካርዱን የባለቤትነት ምዝገባና የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉን የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ ያጣሩ።